ሶሏ ያልተፈተገ ጫማ

ቡራዩ ከታክሲ ተራው ጀርባ ጫማ የሚሸጡት ሴትዮ ስድሳን የተሻገሩ ይመስላሉ። ፀሐይም ቢሆን ሹራብ በሹራብ ላይ ደርበው፣ ከላይ ጃኬት ጣል አድርገው ነው የሚቀመጡት። ለሚያልፍ ለሚያገድመው ሁሉ «አካም ጂርቱ?» እያሉ በኦሮምኛ ሰላምታ ይሰጣሉ።

ጥቁር ጫማ መርጬ ከፈልኩ። ሴትዮዋ ጫማውን ከማቀበላቸው በፊት ሶሉን ደጃፉ ሲሚንቶ ላይ ፈተግ ፈተግ አደረጉት።

«ኧረ እማማ! አዲስ እኮ ነው!»

ደንገጥ አሉና አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ሳቁ።

«ውይ፣ ይቅር በለኝ የኔ ልጅ። እጄ አልረሳም ብሎ ነው። ያኔ ዱባይ ስመላለስ፣ ሶሉ ንጹሕ ከሆነ ጉምሩኮቹ ለንግድ ነው ብለው ቀረጥ ያስከፍሉኝ ነበር። ልብሱንም ደራርበን ለብሰነው ነበር የምንገባው። ከአውሮፕላን ስንወርድ ቀጭን ሴት አልነበረችም!»

ሌላ ጫማ ሊያወርዱልኝ ሲዞሩ፣ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ አንዲት ቀይ የልጅ ጫማ አየሁ። ቀለሟ ደብዝዟል፤ ሶሏ ግን መሬት የነካ አይመስልም።

«ያቺስ?»

አውርደው አቧራዋን በእጅጌያቸው ጠረጉላት።

«እሷን አልፈተግኳትም። ለልጄ ነበረች። ለልጄማ አሮጌ አስመስዬ አላስገባም ብዬ፣ የጠየቁኝን ቀረጥ ሳልከራከር ከፈልኩ።»

«ታዲያ ለምን ሳታደርጋት ቀረች?»

«እግሯን በክር ለክቼ ነበር የሄድኩት። በሚቀጥለው እገዛለሁ እያልኩ ክሩን ይዤ ሦስቴ ተመላለስኩ። በአራተኛው ገዝቼ ስመጣ እግሯ ክሩን አልፎታል።»