የቁርጭምጭሚት ምስክርነት

የትምወርቅ አፏ ከእግሯ ይቀድማል። ጉዱ ሁሉ የመጣውም ከዚያ ነው።

ባለፈው የበረዶ ወራት፣ ሚኒሶታ፣ ዉድበሪ ከተማ በምትሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ በር ላይ አንሸራትቷት ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረ። ሐኪሞቹ ብሎን አስገቡላት፤ አጥንቱም ደህና አድርጎ ገጠመ። መራመድ በጀመረች በመጀመሪያው እሑድ ታዲያ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ማይክ ጨበጠችና፣ «ጌታ ፈጽሞ ፈውሶኛል! ሕመም የሚባል ነገር የለብኝም!» ብላ መሰከረች። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። እሷም ደስ ብሏት ዘለለች። ቤቷ ስትገባ እግሯ ከማበጡ የተነሣ ጫማው አልወልቅ ብሎ አስቸገራት።

እንግዲህ ምን ይባላል? በሕዝብ ፊት የመሰከረ ሰው ተመልሶ «ኧረ ያመኛል» ይላል? የትምወርቅ ዝም አለች። ይባስ ብላ ዝምታዋን እግሯን ወደሚያሠሩላት ሕክምና፣ ቴራፒ ድረስ ይዛው ሄደች። ባለሙያዋ ቁርጭምጭሚቷን እያገላበጠች «እንዴት ነሽ?» ስትላት፣ «ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነኝ!» ትላለች። «ሕመሙ ከአሥር ስንት ይሆናል?» ስትላት፣ «ዜሮ!» እንዴት ነሽ ላላት ሰው አሞኛል ብላ መልሳ አታውቅም፤ ጠያቂዋ ፈረንጅ ብትሆንም ይሉኝታ ይይዛታል። ባለሙያዋ አመነቻትና እንኳን ደስ ያለሽ ብላ አሰናበተቻት።

የትምወርቅን እንቅልፍ የነሣት የምትዘምርበት ኳየር ነገር ነው። ሳምንቱን ሙሉ አረጋውያን ስታነሣና ስታስተኛ ከርማ፣ ለራሷ ያላት መድረኩ ብቻ ነው። ኳየሩ ደግሞ ቆሞ ይዘምራል፣ ያሸበሽባል፣ አምልኮው ሲግል ይዘላል። መቆም ያቃተው ታች ወርዶ ይሰማል። ስለዚህ ጥርሷን ነክሳ ትዘላለች። እንባዋ ኩልል ሲል ያየ ሁሉ «እንዴት መንፈስ ነካት!» ይላል። ከዚያ ፓርኪንግ ወጥታ መኪናዋ ውስጥ እግሯን ዳሽቦርዱ ላይ ሰቅላ ታቃስታለች።

«ማም፣ ጀስት ቴል ዜም!» ትላታለች ልጇ ሩሐማ። ሚኒሶታ የተወለደች ናት፤ አማርኛውን ትሰማለች፣ መልሱ ግን እንግሊዝኛ ነው።

«ምን ብዬ ልንገራቸው? ጌታን ላሳጣው?»

«ሂ ኦልሬዲ ኖውስ፣ ማም።»

እሱማ ያውቃል፤ ያላወቀው አዳራሹ ነው።

በፋሲካ እሑድ የኳየሩ መሪ ሶፎንያስ ሙዚቃውን አፈጠነው። መዝለሉ እንደተጀመረ የትምወርቅን ቁርጭምጭሚቷ ከዳት። አጠገቧ የቆመችው ሲምቦ ባትይዛት በግንባሯ ተደፍታ ነበር። ሙዚቃው ቆመ። ምእመናኑ ሊጸልዩላት እጃቸውን ዘረጉ። እሷ ግን ማይኩን ተቀበለች።

«ቅዱሳን፣ አጥንቴ ድኗል፤ ይሄ እውነት ነው። ቁርጭምጭሚቴ ግን አልዳነም። ያን ጊዜ ቸኩዬ መሰከርኩ። በየእሑዱ ሳለቅስ መንፈስ የነካኝ መስሏችኋል። አሞኝ ነው።»

ከዚያ ከኋላ በኩል ጋሽ ኪዳኔ ሳቃቸውን ለቀቁት።

«የኔም ወገብ አልዳነም! ነገ ድራይቭ አድርጌ ቴራፒ አደርስሻለሁ፤ እዚያው አብረን እንታያለን!»

ሕዝቡ ሁሉ አብሮ ሳቀ። የትምወርቅም ሳቀች፤ ዓይኗ ግን ሶፎንያስ ላይ ነበር። ኪቦርዱን ትቶ ወርዶ ከፊት ረድፍ አንድ ወንበር ሲያነሣ አየችው። በቃ፣ የኔ ነገር አበቃ አለች በልቧ። ታች የምቀመጥበትን እያዘጋጀልኝ ነው ብላ ለመውረድ የሲምቦን ክንድ ያዘች።

ሶፎንያስ ወንበሩን ተሸክሞ መድረኩ ላይ ወጣ። መሐል ላይ አስቀመጠው፣ የማይኩን ማቆሚያ ወደ ታች ዝቅ አደረገላት፣ ተመልሶም ኪቦርዱ ጋ ቆመ።

«እህት የትምወርቅ፣» አላት፣ «ከየት እንጀምር?»