አምስተኛው ቁራጭ

ልጄ ጫካ ገብቷል ብለው እኔን ወሰዱኝ። ጅማ ያሰሩን ቤት ቀድሞ የቡና መጋዘን ነበር፤ ግድግዳው ጆንያ ጆንያ ይሸታል። የሴቶቹ ክፍል በር ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ሲሚንቶው ላይ በከሰል የተሣለ አራት ማዕዘን፣ በውስጡም ክብ ነው። ረግጬው አለፍኩ።

«እትዬ፣ ቆርቆሮዬን ረገጡት» አለችኝ አንዲት ልጅ።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ፈተና ስለሚጠብቃት በየቀኑ ለራሷ ጥያቄ ታወጣለች፤ ከዚህ ቆርቆሮ ትልቁ ክብ ቢቆረጥ የሚተርፈው ስንት ነው እያለች ታሰላለች። ከሰቃ የመጡ አንዲት ሙስሊም አሮጊት፣ አዴ የምንላቸው፣ አጠገቧ ተቀምጠው ይቀልዱባታል።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ክቡን ወሰድሽ። አራቱን ማዕዘን ማን ጣለው? ለዶሮ ቤት ይሆነኝ ነበር» አሏት አንድ ቀን።

አዴ ሆዳቸውን ታመው፣ ሐኪም ሳያዩ፣ አንድ ጠዋት ሞቱ። ቤተሰባቸው ቁርስ ይዘው በር ላይ ነበሩ፤ ሬሳውን ከለከሏቸው። ሰባት ሰዓት ላይ መኪና ይመጣል፣ ከፈን ካልደረሰ በለበሱት ይቀበራሉ ተባለ። ቤተሰቡ አቡጀዲ ገዝተው አስገቡ። ፈታሹ ግማሹን ቀዶ ለራሱ አስቀረው።

ከሸቤ የመጣች ሴት አጠበቻቸው። ለሴት ሥርዓቱ አምስት ቁራጭ ነው፣ ከጠፋ ግን አንዱም ይበቃል፣ አላህ ያውቃል አለች። ልጅቷ እሺ አላለችም። ጨርቁን በስንዝር ለካች፣ አዴን ለካች፣ ወለሉ ላይ ሣለች፤ አምስት ወጣላት። የሸቤዋ ሴት አይታ፣ በራስና በእግር በኩል ስንዝር ስንዝር ተርፎ እንደሚታሰር ነገረቻት። አጥፍታ እንደገና ሠራች። መቀስ የለንም፤ ጠርዙን በጥርስ እየነከስን በእጃችን ቀደድን። አራት ሆነ። የራስ መሸፈኛው ጎደለ።

«ስሌቱ ልክ ነው፣ እትዬ» አለችኝ። «ጨርቁ ነው ያነሰው።»

ነጠላዬን አወለቅሁ። ጥለቱን ቀድጄ ለየሁት፣ ነጩ ብቻ ቀረ። የክርስቲያን ጨርቅ ይሆናል ወይ ብዬ የሸቤዋን ሴት ጠየቅኋት።

«ንጹሕ ነው» አለችኝ።

መኪናው ሲደርስ አዴ በአምስቱም ተከፍነው ነበር። ወታደሩ ይህን ሁሉ ምን አደከማችሁ አለን።

በሳምንቱ ልጅቷን ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ አሏት። ሊያስፈትኗት መስሏት ፀጉሯን አበጠረች፣ ስማኝም ወጣች። አልተመለሰችም።

ልጄ በሕይወት መጣልኝ፤ የልጅ ልጆችም አየሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጠዋት ስጸልይ አዴን እንደ ሥርዓታቸው ስለሸኘናቸውም አመሰግናለሁ። ልጅቷ ላይ ስደርስ ግን አፌ ይያዛል። እሷን ማን እንደገነዛት የሚነግረኝ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።