ዐዋጢፍ ያልተቀበለችው ፋውል

ዐዋጢፍ ስኑከር መጫወት የጀመረችው በተቀደደ ጨርቅ ሰበብ ነው። ወንድሟ ጣሀ፣ ጉባ ካለው ግድብ ላይ በብየዳ ሲሠራ ከርሞ ወደ አሶሳ ሲመለስ ከባጃጅ መቆሚያው አጠገብ ስኑከር ቤት ከፈተ። ጨዋታውንም ሕጉንም የተማረው እዚያው የሠራተኞች ካምፕ ውስጥ ነበር። ቤቱ በተከፈተ በጥቂት ሳምንት አንድ ጎረምሳ በመጫወቻ እንጨቱ ጫፍ የጠረጴዛውን አረንጓዴ ጨርቅ ሰነጠቀው። ጣሀ ልብስ ሰፊ እህቱ ዘንድ ሮጠ።

«እሰፋልሃለሁ» አለችው። «ከሰፋሁት ግን እኔም እጫወትበታለሁ።»

የቀለደች መስሎት ሳቀ። እሷ ግን ጨርቁን ሰፍታ ስትጨርስ መርፌዋን ሻርፏ ላይ ሰካችና ግድግዳው ላይ ከተደረደሩት እንጨቶች አንዱን አነሳች።

አክስቷ ሳሊማ ወሬው ሲደርሳት ከመንጌ ድረስ መጣች። «ወንድ የሞላበት ቤት! ሰው ምን ይላል?» አለቻት።

«ሰው እስኪናገር እኔ እየተለማመድኩ ነው» አለች ዐዋጢፍ።

ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሳት! መብራት በጠፋና የስፌት መኪናዋ በቆመ ቁጥር እዚያው ናት። ጣሀ የሚያውቀውን ሁሉ አስተማራት። መጀመሪያ ቀይ ኳስ፣ ቀጥሎ ባለቀለም። ቀይ የመምታት ተራ ላይ ሆነህ ነጩ ኳስ ቀይ ካልነካ ፋውል ነው፤ ቢያንስ አራት ነጥብ ለባላጋራህ ይሰጣል። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ሰው የሚሳሳተው ከዚህ ወዲያ ባሉት ጥቃቅን ሕጎች ላይ ነው፤ ዐዋጢፍ ደግሞ የወደደችው እነሱኑ ነበር።

ባለፈው ክረምት የሰፈሩ ተጫዋቾች ውድድር አዘጋጁ። ዐዋጢፍ ሁለት ወንዶች አሸንፋ ከመምህር ቸሩ ጋር ተገናኘች። ቸሩ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ ዝምተኛና ጎበዝ ተጫዋች ነው። ዳኛው የባምባሲው ዲንሳ ነበር፤ ቤቱ ውስጥ እሱ ያለውን የሚሽር የለም።

ጨዋታው ተጋግሎ ሳለ ነጩ ኳስ ተንከባሎ አንድ ቀይ ኳስ ላይ ተለጥፎ ቆመ። ተራው የዐዋጢፍ ነው። ከመምታቷ በፊት ዲንሳን ጠራችው።

«ጋሽ ዲንሳ፣ ተነካክቷል አይደል?»

ጎንበስ ብሎ አየ። «አዎ፣ ተነካክተዋል።»

ቀዩን ሳታንቀሳቅስ ነጩን ወደ ሌላ አቅጣጫ መታችው። ነጩ ምንም ሳይነካ ሄዶ ከቡናማው ኳስ ጀርባ ተሸሸገ። ቤቱ በጩኸት ተናጋ። «ፋውል! ቀይ አልነካችም!»

«ፋውል። አራት ለቸሩ» አለ ዲንሳ።

ዐዋጢፍ እንጨቷን መሬት ላይ አቆመች። «አይደለም። ከተነካካ፣ ቀዩ ተመትቷል ተብሎ ነው የሚቆጠረው። እኔ መራቅ ብቻ ነው ያለብኝ። ቀዩ ቢነቃነቅ ነበር ፋውል።»

«እዚህ ቤት እንዲያ ተጫውተን አናውቅም።»

«ሕጉ የዚህ ቤት ነው እንዴ?»

ሁሉም ወደ ጣሀ ዞረ። ጣሀ ጠመኔውን እያሻሸ አንገቱን ደፋ። ዐዋጢፍ ጥቂት ጠበቀችው፤ ከዚያ ፊቷን አዞረች።

«እጫወታለሁ» አለች። «ግን አልተቀበልኩም። ሁላችሁም ስሙኝ፤ አልተቀበልኩም።»

ጨዋታው ቀጠለ። አንዳንዱ «እልኸኛ» እያለ ይስቃል። ጥቂት ቆይቶ ሩቅ ያለ ቀይ ለመምታት ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋች። መትታ ቀና ስትል ቀዩ ጉድጓድ ገብቷል፤ ጭብጨባ ተሰማ። እሷ ግን ቀጣዩን ለመምታት አልተንቀሳቀሰችም።

«ፋውል ነው» አለች። «እጅጌዬ ሮዙን ኳስ ነክቷል።»

ዲንሳ ዓይኑን አፈጠጠ። «እኔ አላየሁም።»

«እኔ አይቻለሁ። ልብስም ቢሆን ኳስ ከነካ ፋውል ነው።»

ዲንሳ ወደ ሰሌዳው ሄዶ ለቸሩ አራት ሊጨምር ጠመኔ አነሳ።

«አራት አይደለም፣ ስድስት! ሮዝ ስድስት ነው። የተነካው ኳስ ዋጋው ከአራት ከበለጠ በሱ ነው የሚቆጠረው።»

ቸሩ ከወንበሩ ተነሥቶ ትክ ብሎ አያት፤ ከዚያ ተራውን ተጫወተ። በደንብም ተጫወተ። መጨረሻ ላይ በአሥራ ሦስት ነጥብ አሸነፋት።

ዐዋጢፍ ጨበጠችው። «ማብሩክ፣ መምህር። ጥሩ ተጫውተሃል።» ከዚያ ሄዳ ሰሌዳው ፊት ቆመች። «አሁን ያለጥፋቴ የተቆጠረብኝን አራት አጥፉልኝ።»

«ቢጠፋስ ምን ይለውጣል?» አለ ዲንሳ። «ያም ሆኖ ተሸንፈሻል እኮ።»

«መሸነፌን መቼ ካድኩ? ወላሂ፣ ሽንፈቱ የኔ ነው። ፋውሉ ግን የኔ አይደለም። እጅጌዬ ሲነካ ማንም ሳያየኝ ተናገርኩ፤ ያልሠራሁትን ግን አልሸከምም።»

«መሸ እኮ፣ እንዝጋ» አለ አንዱ።

«ዝጉ። እኔ እዚሁ ነኝ።»

መጀመሪያ የተናገረው ቸሩ ነበር። «ዲንሳ፣ አጥፋላት። እኔም በትክክል ባላገኘሁት ነጥብ ማሸነፍ አልፈልግም።»

ዲንሳ ጠመኔውን በእጁ ሲያገላብጥ ቆየ። ከዚያ በመዳፉ የቸሩን ስድሳ አንድ ጠረገና ሃምሳ ሰባት ብሎ ጻፈ።

ውጭ ጣሀ ከኋላ ደረሰባት። «እህቴ ስለሆንሽ ነው ዝም ያልኩት። አዳላ እንዳይሉኝ።»

«እህትህ ስለሆንኩ ሕጉ ተለወጠ?» አለችው፤ መልስ ሳትጠብቅም ባጃጅ አስቆመች። ሳምንት ሙሉ አላናገረችውም።

አሁን በዚያ ቤት ኳስ ከኳስ ሲለጠፍ ዳኛው ከምቱ በፊት «ተነካክቷል» ብሎ ጮክ ብሎ ይናገራል። ዲንሳ ራሱ ሱቋ ድረስ ሄዶ በቀጣዩ ውድድር ዳኛ እንድትሆን ለመናት።

«ለምን አንተ አትሆንም? ጎበዝ ዳኛ ነህ» አለችው፤ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል። «ዳኛ ከሆንኩ መጫወት ይቀርብኛል። እኔን ከተጫዋቾቹ ጋር መዝግበኝ።»