የከርሞው አተር

አጎቴን ሳስብ ጆሮዬ ላይ የሚቀረው አንድ አባባላቸው ነው፤ «የከርሞ ነው»። መንደራችን ጫኖ ውስጥ ሰው ሁሉ ለሙዝ ሲል የነቀለውን የእርግብ አተር እሳቸው ብቻ ማሳቸው ዳር መትከል አልተዉም። ደህና ደህናውን ፍሬ ለዘር ለቅመው፣ በአመድ አሽተው፣ ምሰሶው ላይ በተንጠለጠለ ቅል ውስጥ ያኖሩት ነበር። እህል ባጠረ ጊዜ እንኳ ወደ ቅሉ እጅ ሲዘረጋ ካዩ፣ «ተዉት፤ የከርሞ ነው» ይሉ ነበር።

በቀብራቸው ዕለት ለቀስተኛው በዛ። ንፍሮ የሚቀቅሉት የዕድር ሴቶች እህል ሲያልቅባቸው ሌላ ይኖር እንደሆነ ባለቤታቸውን፣ አክስቴን ጠየቋቸው። አክስቴ ካቀረቀሩበት ቀና ሳይሉ፣ «ቤት ያፈራውን ሁሉ ቀቅሉ» አሉ። ንፍሮው ጣፍጦ ነበር። እኔም ደጋግሜ ዘገንኩ።

ዝናቡ ሲጀምር አክስቴ ዘሩን እንዳወርድላቸው ጠሩኝ። ቅሉን ገና ስነካው ቀለለኝ። ስገለብጠው መዳፋቸው ላይ ጥቂት አመድ ብቻ ወረደ። አክስቴ አመዱን እያዩ፣ «የከርሞውን ለለቅሷቸው ቀቀልነው» አሉ።

ባዶውን ቅል ምሰሶው ላይ መለስኩት። አሁን ወደ እሱ እጁን የሚዘረጋ የለም፤ «ተዉት» የሚልም የለም።