ሳይለመኑ እሺ

እኛ የትርፍ ሰዓት መምህራን ቢሮ የለንም። የእኔ ቢሮ መኪናዬ ናት። የኋላ ወንበሯ ላይ ያልታረመ ፈተና፣ የሁለት ካምፓስ መታወቂያ፣ መለወጫ ጫማና የቀዘቀዘ ምሳ ተዝረክርኮ ይኖራል። ጠዋት ፎርት ዎርዝ ሒሳብ አስተምሬ፣ ከሰዓት በኋላ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ለመድረስ በሃይዌዩ እከንፋለሁ። አገር ቤት ያሉ ዘመዶቼ «የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ» እያሉ ያወሩልኛል፤ እሰየው፣ ያውሩ። በየሴሚስተሩ መጨረሻ «ክላስ ይሰጡኝ ይሆን?» እያልኩ እንደ ቀን ሠራተኛ ደጅ እንደምጠና ግን ለማን ይነገራል? ክላስ የምናገኘው የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ደስ ሲላት ነው። ደስ ካላላት አትደውልም። በቃ፣ አለመደወሏ ነው ስንብቱ።

ጋሼን ያወቅኋቸው ከሰዓት በኋላ የማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ፓርኪንግ ውስጥ ነው። አጠገቤ ፓርክ አድርገው፣ የመኪናቸውን የኋላ ሣጥን ከፍተው መጻሕፍት ሲያገላብጡ ቀና አሉና «ያገሬ ልጅ ነሽ?» አሉኝ። በዳላስ የሐምሌ ሙቀት እንኳ ከረባታቸውን የማይፈቱ፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ቀጭን ሰው ናቸው። የሚያስተምሩት የአሜሪካን መንግሥት አሠራር ነው። የአሜሪካ ልጆችን ሰብስበው ምርጫ እንዴት እንደሚካሄድ፣ ሥልጣን እንዴት እንደሚያዝ ያስረዳሉ። ሁለታችንም ዳላስ ውስጥ ሌክ ሃይላንድስ የሚባል ሰፈር ስለምንኖር የአንዳችን መኪና ሲበላሽ ሌላው ያደርሳል፤ የሁለታችንም አሮጌ ስለሆነ ብዙ ጊዜ አብረን ነበርን።

መኪና ውስጥ ምሳዬን ሳካፍላቸው «በልቻለሁ ልጄ» ይላሉ። ውሸታቸውን ነው፣ አልበሉም። «ጋሼ፣ ይቅመሱ እንጂ» ስል «ኧረ ጠግቤያለሁ» ይላሉ። «በሞቴ» ስላቸው ነው «አንቺ ልጅ መቼም አትለቂኝም» ብለው የሚቀበሉኝ፤ ከዚያማ ጥርግ ነው። ያን ያህል ዓመት አሜሪካ ኖረው ይቺን አልተዉም። እኔስ ብሆን ሰው ቤት ውሃ ሲያቀርቡልኝ መጀመሪያ «አልጠማኝም» አይደል የምለው? ያደግንበት ነው።

የትርፍ ሰዓት መምህራን ማኅበር አለን። አለን ካልኩ እንግዲህ አለን ነው፤ በቴክሳስ እንደኛ ያለ የመንግሥት መምህር የሥራ ማቆም አድማ መምታት አይችልም፣ ማኅበሩም ከአሠሪ ጋር ውል መዋዋል አይችልም። መናገር ብቻ ነው የሚፈቀድልን። ሆኖም ሊቀመንበሩ ማንም ይሁን በየጊዜው ከዩኒቨርሲቲው አስተዳደር ጋር ይቀመጣል፣ «የሰው ክላስ ያለ ምክንያት አትንጠቁ» ብሎ ፊት ለፊት ይናገራል። ሌላም ነገር አለ። የትም አልተጻፈም እንጂ የሊቀመንበሩን ክላስ ነክተው አያውቁም፤ ወሬው ጋዜጣ ላይ እንዳይወጣ ይፈራሉ። ሊቀመንበር የሆነ ሰው ቢያንስ ክላሱ አይወሰድበትም።

እኔም የሙጥኝ ያልኩት ይህችን ነበር። ጋሼ ድሮ ቀኑን ሙሉ ነበር የሚያስተምሩት፤ እየተሸረፈ እየተሸረፈ አንድ ክላስ ብቻ ቀርቷቸዋል። የዲፓርትመንታቸው ኃላፊ ደግሞ ኮሪደር ላይ አግኝታ «የሚቀጥለው ሴሚስተር ጠበብ ይላል» ብላቸዋለች። እኛ መሀል ይቺ ንግግር ምን ማለት እንደሆነች ሁሉም ያውቃል። በሳቸው ዕድሜ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ማን ይቀጥራቸዋል? ያቺ ክላስ ከሄደች መምህርነታቸው አበቃ።

ስለዚህ «ጋሼ፣ ለሊቀመንበርነት ይወዳደሩ» አልኳቸው። «እኔን ደግሞ ማን ብሎኝ» አሉ። «እኔ ብዬዎት» አልኩ። መሥራት ይችላሉ፣ ይከበራሉ፣ ሲናገሩ ሰው ያዳምጣቸዋል። የኬሚስትሪ መምህር የሆነ ሌላ ሀበሻ ጓደኛችን ለመደገፍ እሺ አለ። እኔ ሰው በየፓርኪንጉ እያስቆምኩ ቀሰቀስኩ። ተፎካካሪ የሆነው አንድ ባለ ጺም ሰውዬ ነው፤ ቀን ኢንሹራንስ ቢሮ የሚሠራ፣ ለመዝናናት ያህል አንዲት ክላስ የሚያስተምር። ክፉ ሰው አይደለም። የሱ ነገር ሁሉ «ከአስተዳደሩ ጋር ተስማምተን እንኑር» ነው። ክላሱን ቢነጥቁት እኮ ሄዶ ጎልፍ ይጫወታል።

የምርጫው ዕለት ኧርቪንግ ከተማ ባለ አንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ተሰበሰብን። መንገድ ላይ ደግሜ ነገርኳቸው። «ጋሼ፣ ስምዎን ስጠቁም ይቀበላሉ ወይ ይሉዎታል። አዎ ይበሉ። ሌላ ነገር የለውም።»

«አውቃለሁ ልጄ። እኔ አይደለሁ እንዴ ይሄንን የማስተምረው?»

ስብሰባውን የምትመራው ተሰናባቿ ሊቀመንበር ነበረች፤ ደግ፣ አሮጊት ፈረንጅ፣ ትንሽ የእንጨት መዶሻ ፊቷ አስቀምጣ። እጄን አውጥቼ ጋሼን ጠቆምኩ። የኬሚስትሪው ደገፈ። አዳራሹ ደስ አለው፤ ዞር ዞር ብለው ሲያዩዋቸው የብዙዎቹ ፊት ፈገግ ሲል ታየኝ። በልቤ አለቀ ብዬ ነበር።

«ጥቆማውን ትቀበላለህ?» አለቻቸው።

ጋሼ ተነሡ። የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። «በጣም አመሰግናለሁ» አሉ በዚያ በሚያምር እንግሊዝኛቸው፤ «ነገር ግን እኔ ለዚህ የምበቃ ሰው አይደለሁም። ከእኔ የሚሻሉ፣ ጉልበት ያላቸው ወጣቶች እዚህ ተቀምጠዋል።» ብለው ቁጭ አሉ። ቁጭ ሲሉ ፊታቸውን አየሁት። ምሳዬን ሳቀርብላቸው የማየው ፊት ነው። ልመና የሚጠብቅ ፊት።

«አመሰግናለሁ» አለች ሴትዮዋ። «ሌላ ጥቆማ?»

እኛ ሀበሾቹ ባንድ ጊዜ ተንጫጫን። «ኧረ ጋሼ፣ እንዴት እንዲህ ይላሉ?» «ከርስዎ ወዲያ ማን አለና?» በአማርኛ ነበር ያልነው፤ ልመና በሌላ ቋንቋ አልመጣልንም። መዶሻዋን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገችና «እባካችሁ በየተራ፣ ሁላችንም በሚገባን ቋንቋ» አለች። ቀጥላም «ሰው አልፈልግም ሲል ልናከብርለት ይገባል» አለች። እኛ በዚያ ዩኒቨርሲቲ ስንት ነገር ተናግረን ሰሚ አጥተናል። የከበረልን ቃል ያ ብቻ ነው።

ደሜ ፈላ። ብድግ አልኩና «አልፈልግም ማለታቸው አይደለም፤ በኛ ዘንድ ሰው ሲሾም ባንዴ እሺ አይልም፣ ነውር ነው፣ ሁለቴ ሦስቴ ይለመናል» ብዬ አስረዳሁ። ከኋላ ትንሽ ሳቅ ተሰማ፤ የፌዝ ሳቅ አልነበረም፣ ልጅ ሲኮላተፍ እንደሚሳቀው ነው። ባለ ጺሙ «ማን ይከለክለዋል፣ ራሱ ይናገር» አለ። እውነቱን ነው። ሴትዮዋም ወደ ጋሼ ዞረች።

«መልስህን መለወጥ ትፈልጋለህ?»

እስቲ ይታያችሁ። ሰው ሁሉ እያየ፣ እምቢታቸው ለወግ እንደነበር እኔው ባደባባይ ካወራሁ በኋላ፣ ያ ባለ ከረባት ሰው ተነሥቶ «አዎ፣ ሹመቱን እፈልገዋለሁ» ይበል? መሬት ትዋጠኝ ይላል እንጂ። ጋሼ ከወንበራቸው ሳይነሡ «የተናገርኩትን ተናግሬያለሁ» አሉ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ባለ ጺሙ ያለ ተቃዋሚ ተመረጠ። ተጨበጨበለት፤ ጋሼም አጨበጨቡ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ዝም ማለት አልቻልኩም። «ጋሼ፣ ምን ነክቶዎት ነው? ተነጋግረን አልነበረም ወይ?»

«ተዪኝ ልጄ።»

«ያቺ ክላስ እኮ...»

«ተዪኝ አልኩሽ።»

ከዚያ እስከ ሌክ ሃይላንድስ ሬዲዮ ሰማን።

ክላሷን ወሰዷት። ደውሎ የነገራቸው የለም፤ ኮምፒውተር ሲከፍቱ በስማቸው ቦታ የሌላ ሰው ስም አዩ። ተማሪ አነሰ እንዳይባል ክላሱ ሞልቷል። አዲሱ ሊቀመንበር ጋ ሄጄ ጮህኩ። «በጣም ያሳዝናል፣ በሚቀጥለው ስብሰባ አነሣዋለሁ» አለኝ። ማንሣቱን እንጃ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ፤ የተረቱ ሰውዬስ ቢያንስ ተሹሞ ነው። ጋሼ ሳይሾሙ ተሻሩ።

ኤርፖርት ገቡ። በተሽከርካሪ ወንበር አቅመ ደካማ መንገደኛ ከበር እስከ አውሮፕላን መግፋት ነው ሥራው። በሳቸው ዕድሜ እንኳን ሰው ሊገፉ ራሳቸውም የሚገፋቸው አይጠሉም ነበር። ከረባት ከዩኒፎርሙ ጋር አይፈቀድም አሏቸው መሰለኝ፣ መልበሳቸውን አቆሙ። ቤታቸው ስሄድ ባለቤታቸው «ጋዜጣ እንኳ አያነብም» ብለው ነገሩኝ። ጋሼ ጓዳ ውስጥ ሆነው ይሰሙን ነበር፤ ሳይወጡ ቀሩ።

በዓመቱ ባለ ጺሙ ሰለቸው። በድጋሚ ምርጫ ሆነ፣ በድጋሚ ያ አዳራሽ። የኬሚስትሪው ሰውዬ እኔን ጠቆመ። ለዕለቱ መድረኩን የያዘችው ያቺው ባለ መዶሻ ሴትዮ «ትቀበያለሽ?» ብላ ሳትጨርስ «እቀበላለሁ» አልኩ። ድምፄ ለራሴ ከበደኝ። ከፊቴ የተቀመጠች አንዲት ሀበሻ አቀርቅራ መሬት መሬት አየች፤ የምን ዓይን አውጣ ናት ብላኝ ይሆናል፤ እኔም በሷ ቦታ ብሆን እላለሁ። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። ተመረጥኩ።

ከአስተዳደሩ ጋር መጀመሪያ የተቀመጥኩ ዕለት ሌላ ነገር ሳልናገር የጋሼን ጉዳይ አነሣሁ። ያቺው የጋሼ ዲፓርትመንት ኃላፊ በትሕትና አዳመጠችኝ። «አሁን እኛ ጋ አያስተምርም አይደል? እንግዲያው የማኅበርሽ አባል አይደለም፤ ስለሱ ልትናገሪ አትችዪም» አለችኝ። ልክ ናት፣ አባል የሚሆነው የሚያስተምር ሰው ብቻ ነው። የኔን ክላስ ግን አልነኩትም፤ እስካሁንም አልነኩትም።

በማግሥቱ ጠዋት የጋሼ መኪና አልነሣ ብሎ ነበርና ከሌሊት ሥራቸው ልወስዳቸው ኤርፖርት ሄድኩ። በዚያ ሰፊ ዩኒፎርም ውስጥ ጠፍተው ወጡ። ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ገቡ።

«ሰማሁ» አሉ። «ሹመት ያዳብር።»

«አሜን፣ ጋሼ።»

«ስንት ጊዜ ለመኑሽ?»

«አልለመኑኝም። ሲጠይቁኝ እሺ አልኩ።»

«ጎበዝ» አሉ። ጥቂት ከሄድን በኋላ ወደ መስኮቱ እንደዞሩ «ቢለምኑኝ ኖሮ እኮ እሺ እል ነበር» አሉ። «እሷ ትፈልጋለህ ወይ አለችኝ። ሰው ፊት እንዴት እፈልጋለሁ ይባላል?»

ለራሴ ቁርስ የያዝኩት ዳቦ በእንቁላል ነበር፤ «ይብሉ ጋሼ» ብዬ ዘረጋሁላቸው። «በልቻለሁ» እስኪሉኝ፣ እኔም «በሞቴ» ልል ተዘጋጅቼ ነበር። ወዲያው ተቀበሉኝ። መንገዱን እያዩ፣ እስከ መጨረሻው በሉት።