ማርያም ዕለት፣ ዳገቱ ላይ

የልጅ ልጄ ብስክሌት ስትጋልብ አንድ ክንድ እንኳ ወደ ፊት አትሄድም። የኋላውን ጎማ አውልቃ ብስክሌቱን ሳሎን ውስጥ ከአንድ ከባድ ማሽን ጋር ትገጥመዋለች፤ ፊት ለፊቷ ኮምፒውተር ይቀመጣል። እሷ ስትረግጥ ስክሪኑ ላይ ቀይ የለበሰች ልጅ ትጋልባለች። እዚያ ውስጥ ዳገት ሲመጣ ማሽኑም ይከብዳል። መጀመሪያ የልጅ ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ወለሉ ላይ የሚንጠባጠበውን ላቧን መወልወል ስጀምር ግን እንዳልሆነ ገባኝ።

ማሽኑን አሰልጣኟ ያዋሳት በሮብ ገበያ መንገድ ስትለማመድ የጭነት መኪና ገፍቶ ከጣላት በኋላ ነው።

የዚያን ቅዳሜ ውድድር ነበረባት። አንድ የአዲስ አበባ ክለብ ሴት ጋላቢዎችን የሚመርጠው ከየቤታቸው በዚሁ በኮምፒውተር አወዳድሮ ነበር። ከፊተኞቹ ጋር የጨረሰች ትሄዳለች፤ ያቋረጠች ትቀራለች። ቀኑ የተነገረን በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ማርያም እንደምትውል ያወቅሁት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ነው። በማርያም ዕለት የንስሐ አባታችን ጠበል ሊረጩ ቤታችን ይመጣሉ። ዘወትር የሚመጡት አመሻሽ ላይ ስለሆነ ዝም አልኩ።

ከሰዓት በኋላ የግቢው በር ሲንኳኳ ልጅቷ የመጨረሻው ዳገት ላይ ነበረች። ድምፃቸውን ለየሁት። የፈራሁት እሳቸውን አልነበረም፤ እሷን ነው። ካህን ሲገባ ከመቀመጫዋ እንድትነሣ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ትኩሳት ይዟት በተኛችበት ጊዜ እንኳ አስነሥቻታለሁ። እንደምትወርድ አወቅሁ።

ጠበል የያዘን ካህን ከደጅ መመለስ አይሆንልኝም። ከፈትኩና ወደ ሳሎኑ መራኋቸው።

«ቤቶች! እንደምን ዋላችሁ?»

የማሽኑ ድምፅ ወዲያው ቀነሰ። ፔዳሉ ላይ የሚቆለፈውን ጫማዋን ለማላቀቅ ተረከዟን ስታዞር አየሁ።

«አትውረጂ!» አልኩ። በካህን ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም።

«ኧረ እማማ፣ አባ እኮ ናቸው…»

«አትውረጂ አልኩሽ! ርገጪ!»

አባ በአንድ እጃቸው መስቀል፣ በሌላው የጠበሉን ጆግ እንደያዙ ደፉ ላይ ቆሙ።

«ምን ሆና ነው?»

«ውድድር ላይ ናት፣ አባ። ይፍቱኝ።»

«ከማን ጋር? ሰው አላየሁም።»

«እዚያ ውስጥ ናቸው። ቀይ የለበሰችው የእኛ ናት። ካቆመች ትቀራለች።»

ጠጋ ብለው ስክሪኑን አዩ።

«ታዲያ ጥለዋት እየሄዱ እኮ ነው!» አሉ። «ምን ያዛት?»

«እርስዎ ነዎታ» አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

«እኔ? በይ እንግዲህ እኔ የለሁም። አልመጣሁም።»

ጆጉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ማሽኑ እንደገና መጮህ ጀመረ። ቀይዋ ልጅ ከፊተኞቹ ርቃ ወደ ኋላ ቀርታ ነበር። እኔ የነጠላዬን ጫፍ ጨብጬ ቆሜያለሁ፤ አባ ግድግዳውን እያዩ ይጠይቁኛል።

«ደረሰችባቸው?»

«ገና ነው።»

«አሁንስ?»

«አንዷን አለፈች።»

«ምን ዓይነት ዳገት ነው የማያልቀው!»

አለቀ። መጨረሻው ላይ በጣም ተጠጋግተው ስለነበር ማን ከማን እንደቀደመ አልለየሁም። ልጅቷ ግንባሯን መሪው ላይ ደፋች። ከዚያ ስሞቹ ተደርድረው ወጡ፤ የሷም ከፊተኞቹ ጋር ነበር።

«ገብታለች፣ አባ» አልኩ።

አባ ጆጋቸውን አንሥተው ወጡ፤ የግቢውንም በር ከውጭ ሳቡት። ወዲያው ተንኳኳ።

«ቤቶች! እንደምን ዋላችሁ?»

ልጅቷ ከብስክሌቷ ወርዳ ቆማ ጠበቀቻቸው። መስቀሉን እስክትሳለም ከጀርባዋ ሆኜ ደገፍኳት።