«ተይው» አልኋት

ይህን ነገር ከሥሩ እስከ ጫፉ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴ አልነገርሁም፣ ለባሌ አልነገርሁም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለንስሐ አባቴ አልነገርሁም። ሰው ጥፋቱን ለንስሐ አባቱ ካልተናገረ ለማን ሊናገር ነው ትሉኝ ይሆናል። እውነታችሁን ነው። ለምን ወደ እናንተ እንደመጣሁ መጨረሻው ላይ ይገባችኋል፤ እስከዚያው ስሙኝ።

ያደረግሁት ነገር ሲነገር አንድ ቃል ነው። ጓደኛዬ አንድ ነገር ልጻፈው ወይስ ልተወው ብላ ጠየቀችኝ። መጻፍ እንዳለባት እያወቅሁ «ተይው» አልኋት። አልሰረቅሁም፣ አልመታሁም፣ የሰው ትዳር አልበተንሁም። በዚህ በዚህ ስንት ዓመት ራሴን እንዳጽናናሁ አትጠይቁኝ። ግን አንድ ቃል ብቻ ከሆነ ለምንድን ነው እስከ ዛሬ ከጉሮሮዬ የማይወርደው?

ጓደኛዬ ትርንጎ ትባላለች። ባሕር ዳር አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ነው የተማርነው። የእኔ አባት ለሥራ ተዛውሮ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። የእሷ አባት ቄስ አዳሙ ደግሞ ሐይቁ ዳር ካሉት አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ የሚያገለግሉ ካህን ናቸው። እኛ በከተማው ዘመድ ስላልነበረን ቄስ አዳሙ ዘመድም ንስሐ አባትም ሆኑልን። ለትርንጎ ታናሽ እህት ስትወለድላት ብርቱካን ብለው ስም አወጡላት። እኔና ትርንጎ «የሚቀጥለው ሎሚ ነው» እያልን ስንንከተከት እሳቸውም ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አብረውን ይስቁ ነበር። እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩኝ። ይህን የምነግራችሁ የማንን ልጅ እንደበደልሁ እንድታውቁ ነው።

የትርንጎ አጎት ከአንበሳሜ ወዲህ፣ ጣና ዳር የሚያርስ ገበሬ ነው። እምቦጭ የሚሉት አረም ውሃውን መሸፈን ከጀመረ ወዲህ ትምህርት በተዘጋ ቁጥር ትርንጎ እዚያ ነበረች። ከገበሬዎቹ ጋር እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ትገባለች። አረሙን በገመድ ከበው ይስቡታል፤ ዳር ሲደርስ በቃሬዛ ተሸክመው ውሃ የማይደርስበት ደረቅ መሬት ላይ ያወጡታል። እጇ ተላልጦ፣ ባቷ በአልቅት ተነክሶ ትመለሳለች። ምን ሆነሽ ነው ስላት «ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ነው ያደረግሁ» ብላ ወሬውን ትለውጣለች።

እኔስ? እኔ አንድ ቅዳሜ ሄጃለሁ። ትምህርት ቤታችን አውቶቡስ ተከራይቶ፣ ነጭ ቲሸርት አልብሶ ወሰደን። ውሃው ከቁርጭምጭሚቴ ሳያልፍ ጎንበስ ብዬ ጥቂት ነቀልሁ፤ የነቀልሁትንም እዚያው ውሃው አፍ ላይ ወረወርሁት። ትርንጎ ቀድማን መጥታ ከአጎቷ ጋር ውሃ ውስጥ ነበረች።

«ሜሮን፣ እዚያ አትጣይው! ውሃው ሲሞላ ተመልሶ ይገባል እኮ። ወደ ላይ አውጭው!» ብላ ጮኸችብኝ።

እኔ ፎቶ እየተነሳሁ ነበር። ከምሳ በፊት ሁላችንም አውቶቡሳችን ውስጥ ገባን። የተውነውን ክምር ማን ተሸክሞ እንዳወጣው የሰማሁት ሰኞ ዕለት፣ ትርንጎ ትከሻዋን እያሸች ዴስካችን ላይ ስትቀመጥ ነው። ሐይቁን ልረዳ ሄጄ ለእሷ ሥራ ጨምሬ መጣሁ።

አሥረኛ ክፍል ስንደርስ አዲስ አበባ ያለ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ማመልከቻ ላከ። ሙሉ ወጪውን ችሎ ከእኛ ትምህርት ቤት አንድ ልጅ ይወስዳል፤ አንድ ብቻ። ለመወዳደር የታጨነው እኔና ትርንጎ ነበርን። በውጤት ትበልጠኝ ነበር፤ ግን ለጥቂት። ማመልከቻው ለኅብረተሰቡ የሰጣችሁትን የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ግለጹ ይላል። አባቴ ሰው አጠያይቆ «ውጤት ከተቀራረበ የሚለየው እሱ ነው» ብሎኛል። ትርንጎ ይህን አታውቅም። እኔ አውቅ ነበር። ልድገመው፣ እኔ አውቅ ነበር።

ከትምህርት ቤት ስንወጣ ሐይቁ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ተቀምጠን ሸንኮራ እየበላን ነው የጠየቀችኝ።

«የእምቦጩን ነገር ልጻፈው ወይስ ልተወው?»

«ለምን ትጽፊዋለሽ?»

«እንጃ፣ የጠየቁት እሱን ይመስለኛል። ግን አባባ ቢሰሙ ምን ይሉኛል? ለእግዜር ብለሽ የሠራሽውን አደባባይ አውጥተሽ ቸረቸርሽው ይሉኛል።»

የእነ ትርንጎ ቤት እንዲህ ነው። ቤተ ክርስቲያኑን ማን እንደጠረገ፣ የታመመውን ደብተራ ማን እንዳስታመመ አይወራም። ያወራ እንደሆነ በረከቱ ወጣ ይባላል። እኔ በእዚያ ቤት እየበላሁ ስላደግሁ የት ላይ ብነካት እንደምትታጠፍ አውቃለሁ። እዚያው ላይ ነካኋት።

«ተይው» አልኋት። «ለአጎት አረም መንቀል በጎ ፈቃድ አይባልም። ደግሞ አባ እውነታቸውን ነው፣ ጉራ ይመስላል።»

ፊቷ ቀለል አላት። ከጭንቅ ያወጣኋት መሰላት! ከዚያ ሸንኮራዋን እየላጠች «አንችስ? ያችን ቅዳሜ ትጽፊያታለሽ?» አለችኝ።

«እኔማ ምን ሠርቼ!» አልሁ።

ጻፍኋት። «በጣና ሐይቅ ላይ በተካሄደው የእምቦጭ ነቀላ ዘመቻ ተሳትፌያለሁ» ብዬ፣ በነጭ ቲሸርት የተነሳሁትን ፎቶ አያይዤ ላክሁ። ውሸት አለበት? የለበትም። እኔን የሚያናድደኝም እሱ ነው፤ ዋሽቼ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ውሸታም ነኝ ብዬ አርፍ ነበር። ለቃለ መጠይቅ ሲጠሩኝ ግን መዋሸቱም አልቀረልኝም። አንዲት ደግ የሚመስሉ ሴት «እስኪ ስለ ሥራው ንገሪን» አሉኝ። ስለ ገመዱ ነገርኋቸው። ስለ ቃሬዛው ነገርኋቸው። አልቅት ሲነክስ በመጀመሪያ እንደማይሰማ፣ ደም ሲወርድ ብቻ እንደሚታወቅ ነገርኋቸው። እኔ አልቅት ነክሶኝ አያውቅም። ሴትዮዋ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፣ እኔም የትርንጎን እግር የራሴ አድርጌ አለፍሁ።

ልሄድ ስል መናኸሪያ ድረስ የሸኘችኝ ትርንጎ ናት። ሻንጣዬን ተሸክማ፣ እናቷ የሠሩትን ዳቦ ቆሎ በፌስታል ይዛ። «ኮራሁብሽ» አለችኝ። አውቶቡሱ እስኪወጣ ቆማ እጇን ስታውለበልብ ዞር ብዬ ማየት አቃተኝ፤ አንገቴን ያመመኝ አስመስዬ ወደ ፊት ብቻ አየሁ።

ሕይወቷ ተበላሸ ብላችሁ እንዳታዝኑላት፤ እሷን መስደብ ይሆናል። የፈለገችው ሕክምና ነበር፣ ነጥቧ አላስገባትም። አሁን መድኃኒት ቤት ውስጥ ተቀጥራ ትሠራለች፤ ሰው ወረፋ ይዞም ቢሆን በእሷ እጅ መስተናገድ ይፈልጋል። እኔ ተምሬ ወደ ባሕር ዳር ተመለስሁ፣ ጥሩ ሥራ አለኝ። ያ አዳሪ ትምህርት ቤት ወስዷት ቢሆን ሐኪም ትሆን ነበር ወይ? አላውቅም። እንዳላውቀው ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ለምን አልተናዘዝሽም? ለማን? ንስሐ አባቴ አባቷ ናቸው! ጾም በገባ ቁጥር ፊታቸው እቀመጣለሁ። ሐሜቱን፣ የጾም መሻሩን፣ ከአማቴ ጋር መኮራረፉን ሁሉ እዘረግፋለሁ። «ሌላስ፣ ልጄ?» ይሉኛል። «ሌላ የለም፣ አባ» እላለሁ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ብለው መስቀል ያሳልሙኛል። ስንት ጊዜ በውሸት ተፈታሁ? ንስሐ አባት ደግሞ እንደ ጫማ አይቀየርም። ልቀይር ብል ሄጄ ልሰናበታቸው ይገባል። «ምን አጠፋሁ፣ ልጄ?» ቢሉኝ ምን ልመልስ? በአንዱ በር እሳቸው፣ በሌላው በር ልጃቸው ቆመው እኔ መሐል ቤት ቀረሁ።

ዘንድሮ ትርንጎ እህቷን ብርቱካንን ይዛ ቤቴ መጣች። ያው ትምህርት ቤት፣ ያው ማመልከቻ። «አንች ያለፍሽበት ነው፣ አሳዪያት» አለችኝ። ብርቱካን ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እስክሪብቶዋን እየነከሰች ያ ጥያቄ ላይ ስትደርስ ቀና አለች።

«እኔ ሐይቁ ዳር ፕላስቲክ ስንለቅም ግማሽ ቀን ብቻ ነው የሄድሁ። ልጻፈው ወይስ ልተወው?»

እንደዚያ ተይዤ አላውቅም። ጻፊው ብላት ትርንጎ አጠገቤ ናት፤ ለግማሽ ቀን ጻፊው ካልሽ ለእኔ ለስንቱ ክረምት ለምን ተይው አልሽኝ ማለቷ አይቀርም። ተይው ብላት ደግሞ ያንኑ በደል በዚያው ቤት ልጅ ላይ ልደግመው ነው። ሁለቱም እህትማማቾች ያዩኛል።

ትርንጎ አዳነችኝ። «ተይው፣ ይቅርብሽ» አለቻት። «ሜሮንም ያኔ እንዲሁ ነው የመከረችኝ። ጉራ ይመስላል።»

ዝም አልሁ። አያችሁ? ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ፣ ከዚያ ሁሉ ጸጸት በኋላ፣ ቃሌ በትርንጎ አፍ ተመልሶ ሲመጣ ዝም አልሁ። ብርቱካን ጥያቄውን ባዶውን አለፈችው። በር ድረስ ሸኘኋቸው፤ ብርቱካንን ጉንጯን ሳምኋት።

በማግስቱ ለብርቱካን ደወልሁ። «ጻፊው። ግማሽ ቀን ከሆነ ግማሽ ቀን ብለሽ ጻፊው» አልኋት። ሌላ ምንም ማለት አልቻልሁም።

ያንኑ ዕለት ከሥራ ስወጣ ትርንጎ የመሥሪያ ቤቴ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። የመድኃኒት ቤቱን ነጭ ጋውን እንኳ አላወለቀችም።

«ብርቱካንን ጻፊው አልሻት አሉ። እኔን ለምን ተይው አልሽኝ?»

«እንዳታልፊ ብዬ» አልሁ።

አልጮኸችም። «ለአባባ ነግረሻቸዋል?» አለችኝ።

«አልነገርኋቸውም። እነግራቸዋለሁ።»

«እንዳትነግሪያቸው።»

«ትርንጎ…»

«ከነገርሻቸው ይፈቱሻል። ምን ያድርጉ፣ ሥራቸው ነው። እኔ ግን ገና ነኝ፣ ሜሮን።»

ይህን ብላ ሄደች። ይቅርታ አድርጊልኝ አላልኋትም፤ ለመጠየቅም ፊት ያስፈልጋል። የአልቅቱን ነገርም አልነገርኋትም። ስለዚህ እናንተ ከእሷ የበለጠ ታውቃላችሁ ማለት ነው። ያፈርሁት አንሶ ከእሷ እየደበቅሁ ለእናንተ አወራለሁ።

ብርቱካን ማመልከቻዋን አስገብታለች፤ መልሱን እየጠበቀች ነው። ፍልሰታ ሲገባ እንደ ልማዴ ቤታቸው ሄጄ ቄስ አዳሙ ፊት ተቀመጥሁ። ትርንጎ በጓሮ በኩል ልብስ ታሰጣለች፤ በመስኮቱ ትታየኛለች። ትንንሾቹን ሁሉ ተናዝዤ ጨረስሁ።

«ሌላስ፣ ልጄ?» አሉኝ።

የለም የምትለዋ ቃል አፌ ውስጥ ነበረች። «አለ፣ አባ» አልሁ። «ግን እንድናገረው አልተፈቀደልኝም።»

ማን ከለከለሽ አላሉኝም። መስቀላቸውን ዘርግተው ነበር፣ መልሰው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። «እንግዲያው እስኪፈቀድልሽ እንጠብቃለን» አሉኝ። ሳልሳለም፣ ሳልፈታ ተነሥቼ በጓሮ በኩል ወጣሁ። ትርንጎ ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ የቀረውን ልብስ ማስጣቷን ቀጠለች።